የመሪጌታው ካምቢዮ

የትኛውም ከተማ ውሃ ይጠፋበታል፣ መብራት ይጠፋበታል፤ «ትንሽ ይቀረዋል» የሚል ሰው ግን ጠፍቶበት አያውቅም። ይህ ሰው ሱሪ አሰፍቶ አያልቅለትም፤ የግቢ በር አሠርቶ አያልቅለትም፤ ጸጉሩን ተስተካክሎ ከተነሣ በኋላ እንኳ መስታወቱ ፊት ሩብ ሰዓት ይቆማል። ክፉ አይደለም። አይሳደብም፣ ዋጋ ቀንሱልኝ አይልም፣ የሰው ሥራ አያናንቅም። ብቻ የተሠራለትን ዕቃ ይቀበላል፣ ያገላብጠዋል፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል፤ የሠሪውን ልብ ሰቅሎ ከያዘ በኋላም ቀስ ብሎ፣ «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይቀረዋል» ይላል። ቢሳደብ መልስ አይጠፋም ነበር። «ትንሽ» ለሚል ሰው ግን ምን ይባላል?

ለደብረ ብርሃን የደረሷት መሪጌታ ወልደአረጋይ ናቸው። አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሊቅ ስለሆኑ ፊት ለፊት ሁሉም «የኔታ» ይላቸዋል። ዞር ሲሉ ግን ልብስ ሰፊው፣ አናጢውና ብረት በያጁ በአንድ ድምፅ የሰጧቸው ሌላ ማዕረግ አለ፦ ሊቀ ጉድለት። ሹመቱ በአማላጅ የተገኘ አይደለም፤ በሥራቸው ነው። የግቢያቸውን በር አረንጓዴ የቀባላቸውን ሰው፣ «ትንሽ ይጠቁራል» አሉት። አፈካው። «አሁን ደግሞ ትንሽ ፈካ» አሉት። በአራተኛው ቀን ሰውየው ባልዲውን እዚያው ጥሎ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ጫጫ ሄደ፤ ባልዲው እስከ ዛሬ የየኔታ ግቢ ውስጥ ዝናብ ይጠራቀምበታል።

ልብስ ሰፊው ወርቅአገኘሁ ግን ብልህ ነበር። የየኔታን ካፖርት እጅጌ ስድስት ጊዜ አሳጠረ፣ ስድስት ጊዜ አስረዘመ። በሰባተኛው ካፖርቱን ተቀብሎ መስቀያው ላይ ሰቀለው፤ ሦስት ቀን ምንም ሳይነካው ቆይቶ መለሰላቸው። የኔታ ለበሱት፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ዘንበል አሉ፣ «አሁን ተስተካከለ» አሉና ሄዱ። ወርቅአገኘሁ ይህን ታሪክ ያልነገረው ሰው የለም።

ሥርጉት መካኒኳም ከሰሙት አንዷ ነበረች። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ አንድ ሰኞ ጠዋት የየኔታ አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል የጋራዧን በር አልፋ ስትገባ ባየች ጊዜ፣ የያዘችውን ቁልፍ አስቀምጣ አማተበች። ሌላ ጋራዥ ይሂዱ እንዳትላቸው፣ በከተማው ውስጥ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ደፍሮ የሚነካ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እንደምን አደሩ የኔታ፤ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም» አሉ፤ ከመኪናዋ ሲወርዱ እንኳ ከመንበር እንደሚወርዱ ሆነው። «ዳገት ላይ ግን ዜማ ትሰብራለች።»

«ምን ትሰብራለች?»

«ማርሹን ስትቀይር ልጄ። ትንፋሽ ሲያልቅ መቀየር ሲገባት፣ በትንፋሽ መካከል ትቀይራለች። ትወርዳለች፣ ትወጣለች፣ ወዲያው ትወርዳለች። ትንሽ ነው። ብቻ ልክ አይደለም።»

ኦቶማቲክ መኪና ማርሹን ራሱ ይቀይራል ይባላል እንጂ፣ መቼ እንደሚቀይር የሚነግረው ይፈልጋል። እንደ የኔታ መኪና ባለ አሮጌ አውቶሞቢል ነገሩ በአንዲት ቀጭን ገመድ የተንጠለጠለ ነው። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ገመዷ ትሳባለች፤ ለካምቢዮውም «ሰውየው ጉልበት ፈልጓል» ብላ ትነግረዋለች። ገመዷ ከጠበቀች ማርሹ ይዘገያል፣ ሞተሩም ሲጮኽ ይኖራል። ከላላች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ለነጂው ልስልስ ይላል፣ ካምቢዮው ግን ውስጥ ለውስጥ ያልቃል። ልኩ በሁለት ዳዶዎች መካከል ያለ የጥፍር ውፍረት ነው። ሥርጉት ኮፈኑን ከፍታ፣ በአሥራ ሁለት ቁልፍ ዳዶዎቹን አላልታ አጥብቃ፣ ያንን የጥፍር ውፍረት አገኘችው። ነድታ ሞከረችው፤ ማርሹ እንደ ውሃ ይፈስሳል። የኔታን ከጎኗ አስቀምጣ ነዳች፤ ውሃ ነው። እሳቸው ራሳቸው እየነዱ እሷ ከጎን ተቀመጠች፤ አሁንም ውሃ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የየኔታ ልጅ ምሥራቅ መጣች። መድኃኒት ቤት አላት፤ መኪናዋንም ለአባቷ የሰጠቻቸው እሷ ናት።

«ሥርጉት፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት። «ከአንኮበሯ ጎረቤላ ሲመለሱ ከኋላቸው የነበረ የሚኒባስ ሹፌር፣ መኪናዋ ዳገቱን እየዘለለች ነው የምትወጣው አለኝ። ካምቢዮው ነው ወይስ አባባ ናቸው?»

«ካምቢዮው ይመስለኛል።»

«ካምቢዮው ከሆነ አስተካክዪው። እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልተስተካከለ ግን እሸጣታለሁ፤ እሳቸውም መንዳት ያቆማሉ። ገደል እስኪገቡብኝ አልጠብቅም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እወቂው እንጂ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ጉሮሮዬን አመመኝ ብለው ማሕሌት መቆም ከተዉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሰው ቤት አይሄዱም፣ ተማሪ አይቀበሉም። የቀረቻቸው የቅዳሜዋ የአንኮበር መንገድ ብቻ ናት፤ እህታቸውን ሊጠይቁ። ከዚያ ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነው። እሷን መንጠቅ እኔም አልፈልግም።»

ያቺ ቅዳሜ ለየኔታ ምን እንደሆነች ሥርጉት የገባት ያን ጊዜ ነው። ሥራዋ እንግዲህ ገመድ ማጥበቅ ብቻ አልነበረም።

በሳምንቱ ሰኞ የኔታ ተመለሱ። «ጥሩ ሆናለች» አሉ፤ ዘንበል አሉ። «ትንሽ ይቀራታል።»

ሩብ ዙር አጠበቀች። በሚቀጥለው ሰኞ፣ «አሁን በጣም ዘገየች» ተባለች። ሩብ ዙር አላላች። በሦስተኛው ሰኞ የካምቢዮውን ዘይት ቀየረች። በአራተኛው ገመዷን ራሷን አውጥታ በሌላ ተካች። ከተማው ውስጥ ባለው ዳገት ሁሉ ከየኔታ ጋር ወጣች፣ ወረደች። መኪናዋ ከሥርጉት ጋር ስትሆን እንደ ቅዱስ ናት፤ ቅዳሜ ብቻዋን ከየኔታ ጋር ስትሆን ሰይጣን ይሠፍርባታል። ሥርጉት በሕልሟ ሳይቀር ዳዶ ማዞር ጀመረች። ከሌሎች ደንበኞች ጋር የነበራት ትዕግሥት አለቀ፤ አንድ ባለ አይሱዙ፣ «ትንሽ የሚንኳኳ ነገር አለ» ቢላት፣ «ትንሽ የሚባል ነገር እዚህ ጋራዥ ውስጥ እንዳልሰማ!» ብላ ጮኸችበት።

በአምስተኛው ሰኞ ወርቅአገኘሁን አማከረችው።

«አትንኪው» አላት፤ መርፌውን ጥርሱ ላይ እንደያዘ። «ሁለት ቀን አሳድረሽ መልሽላቸው። የካፖርቱን ነገር ረሳሽው?»

መኪናዋን ሁለት ቀን አሳደረቻት፤ አጠበቻት፣ ኮፈኑን ግን አልከፈተችም። የኔታ ተረክበው ወጡ። አደባባዩ ጋ ሳይደርሱ ዞረው ተመለሱ። መስታወቱን ዝቅ አድርገው፣ ያለ ቁጣ፣ «ሥርጉት፣ አልነካሻትም» አሏት።

ሥርጉት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ይቅርታ የኔታ። ካፖርቱ... ወርቅአገኘሁ...»

«እሱንማ እንዳልነካው ያን ጊዜም አውቄ ነበር።» ፈገግ አሉ። «ስገባ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጀርባውን ይዞ አየሁት። ደክሞታል፤ ተውኩት። እጅጌው አሁንም ትንሽ ይረዝማል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርጉት «ሊቀ ጉድለት» ብላ አልጠራቻቸውም። ሰውየው ጆሮ አላቸው፤ የሚሉት ነገር አለ ማለት ነው። እንግዲያስ እዚያው ሄዳ መስማት አለባት። ለኅዳር ሚካኤል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ቱታዋን አውልቃ፣ ነጠላ ለብሳ ከደጃቸው ቆመች።

«ዛሬ አብሬዎት አንኮበር እሄዳለሁ» አለቻቸው።

የኔታ ደስ አላላቸውም። ተማሪ ባልተዘጋጀበት ቀን መምህር ሲመጣበት የሚሆነውን ሆኑ። «መንገዱ ያደክምሻል እኮ» አሉ። «ብርዱም አይቻልም።» በመጨረሻ ግን በሩን ከፈቱላት።

ሲሄዱ አንድም እንከን አልነበረም። ሜዳውን በጸጥታ ተሻገሩ፤ ገብሱ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ነፋሱ እየገረፈው ቆሟል። ቁልቁለቱ ሲጀምር የኔታ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ እግራቸውን ከፍሬኑ ሳያርቁ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ወረዱ። ሥርጉት ብዙ ሹፌር አይታለች፤ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚወርድ አላየችም። ጎረቤላ ደርሰው እህታቸውን እማሆይ ወለተሐናን ጠየቁ። እማሆይ ለሥርጉት የቀረበላት የገብስ ገንፎ ትንሽ ጨው እንደሚጎድለው ነገሯት፤ ነገሩ የዘር መሆኑን ሥርጉት ያኔ አወቀች።

መልሱ ዳገት ነው። መኪናዋ አንዱን ጥምዝ አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች፤ ውሃ ናት። የኔታ ግን በየጥቂቱ በዓይናቸው ጥግ ሥርጉትን ያያሉ። አንድ ነገር እንዲያልቅ የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ የሚጠብቁትም እሷን መሆኑ ገባት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች፤ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ትንፋሽዋን አስረዘመች።

«ሥርጉት?» አሉ ቀስ ብለው።

ዝም።

«ሥርጉት፣ ተኛሽ?»

አሁንም ዝም። አንድ ጥምዝ ካለፉ በኋላ፣ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም እንዳይሰማ የፈለገ በሚመስል ድምፅ፣ የኔታ ማዜም ጀመሩ።

መጀመሪያ በአፍንጫቸው ብቻ ነበር። ከዚያ ድምፁ ተከፈተ። ሥርጉት ልጅ ሆና በበዓል ቀን ከሴቶች በኩል ቆማ የሰማችው ያ ድምፅ ነው፤ ሻከር ብሏል እንጂ አልሞተም። ዜማው እየከበደ፣ እየተጎተተ ሄደና መጽናት ጀመረ፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን መሬት የሚመቱበት ቦታ ላይ ደረሰ። የየኔታ እጅ ግን መሪ ይዟል። መቋሚያ የለም። በነጠላዋ ቀዳዳ ቁልቁል አየች፤ ቀኝ እግራቸው ነዳጅ መስጫው ላይ ማሕሌት ቆሟል። ረገጥ፣ ለቀቅ። ረገጥ፣ ለቀቅ። በእያንዳንዱ ምት ያቺ ቀጭን ገመድ ካምቢዮውን «ጉልበት ተፈልጓል» ትለዋለች፣ ወዲያው «ቀርቷል» ትለዋለች፤ ምስኪኑ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ሥርጉት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን ነከሰች። ሁለት ወር! ዘይት፣ ገመድ፣ ዳዶ! ሳቁ ግን አልቆየም። የኔታ አንድ ሐረግ መካከል ሲደርሱ ዜማው ድንገት ተቋረጠባቸው።  ወደ ኋላ ተመልሰው ከመነሻው ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆሙ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ጉሮሮ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ደብር ሙሉ ሊቅ መቋሚያውን አንሥቶ ሲጠብቃቸው፣ እዚህች ቦታ ላይ ቃሉ ጠፍቶባቸው እንደነበር ሥርጉት ማንም ሳይነግራት ገባት። በአራተኛው ዜማው እዚያች ቦታ ደረሰ፣ ተንገዳገደ፣ አለፈ። እሷ የኔታን አንድ ቀን እንኳ እንደምትወዳቸው አስባ አታውቅም ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን እንደ አባቷ ወደደቻቸው፣ ከነጠላዋም ሥር አለቀሰች።

ዳገቱ አልቆ ሜዳው ላይ ሲደርሱ የኔታ ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ምነው በነቃሽ ኖሮ!» አሏት በቁጭት። «አሁን እኮ ነው ዜማ ስትሰብር የነበረው።»

ሥርጉት ሁለት ቀን ተጨነቀች። ለምሥራቅ እውነቱን ብትነግራት መኪናዋ ትሸጣለች። ለየኔታ «ጥፋቱ የእግርዎ ነው» ብትላቸው፣ ሰው ሰምቶኛል ብለው አፋቸውን ለዘለዓለም ይዘጋሉ። ገመዷን ብታላላላቸው ደግሞ ምቱ አይሰማም፣ ካምቢዮው ግን ለፋሲካ አይደርስም። ሰኞ መኪናዋ ሥር ተኝታ ስታስብ፣ በኦቶማቲክ መኪና ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ አንድ አካል እንዳለ ትዝ አላት። ፍሪሲዮን የለም፤ ግራ እግር ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ በነፃ ነው የሚሄደው። ብድግ ብላ ወደ አናጢው ሄደች።

በማግስቱ የኔታ ሲመጡ ገመዷ በልኳ ታስራለች። ከግራ በኩል፣ ወለሉ ላይ፣ አንዲት የዋንዛ ጣውላ በአራት ብሎን ተጣብቃለች።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«የካምቢዮው ማስተካከያ ናት» አለች ሥርጉት፤ ዓይኗን ኮፈኑ ላይ ተክላ። «በእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና፣ ግራ እግር ሥራ ካልተሰጠው ክብደቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ይሄድና ማርሹ ይረበሻል። ዳገት ላይ በግራ እግርዎ መታ መታ ያድርጓት። ቀኙ ዝም ብሎ ይረግጣል።»

እንዲህ ያለ ውሸት በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም። የኔታ ገብተው ተቀመጡ። ግራ እግራቸውን ጣውላዋ ላይ አሳረፉ። አንድ ጊዜ መቱ፤ ድም አለች። ሁለተኛ መቱ። ከዚያ እግራቸው ቆመ፣ ፊታቸውም ቀስ እያለ ተለወጠ።

«አልተኛሽም ነበር» አሉ።

«አልተኛሁም የኔታ።»

እግራቸውን ከጣውላዋ አነሡ። ከጎን ያለው ጎሚስታ ጎማ ሲመታ ይሰማል።

«ማሕሌት ላይ በእኔ ቦታ የሚቆመው ተማሪዬ ቃለ አብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ቃሉ ሲጠፋብኝ ተቀብሎ ያስወጣኝ እሱ ነው። አሁን ለሚካኤል ይምጡልኝ፣ እርስዎ ይምሩን ብሎ ልኮብኛል። ምን ልበለው? ዳገት ላይ ብቻዬን ስሆን አልፈዋለሁ። ሰው ፊት ቢጠፋብኝስ? ሁለተኛ እኮ አልነሣም፣ ልጄ።»

«እኔ ዜማ አላውቅም» አለች ሥርጉት። «ካምቢዮ ነው የማውቀው። ግን ቅዳሜ ሰው ፊት ነው ያለፉት። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

የኔታ መሪውን ይዘው አዩዋት። አልሳቁም፣ አልመረቁም። መኪናዋን አስነሥተው ሄዱ። በሚቀጥለው ሰኞ አልመጡም፤ ሥርጉት በር በሩን ስታይ ዋለች። ደስ ሊላት ሲገባ ጋራዡ ጭር አለባት።

ኅዳር አሥራ አንድ ጠዋት ጥሩምባ ሰማች። ነጯ አውቶሞቢል በሩ ላይ ቆማለች። የኔታ ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሥረው ከመሪው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ምሥራቅ ከኋላ ናት።

«ግቢ፤ ለሚካኤል ዋዜማ ቃለ አብ እየጠበቀኝ ነው» አሏት።

«የኔታ፣ እጄ ዘይት ነው፣ ሁለት መኪና ከፍቼ...»

«እግዚአብሔር ዘይት አይጠላም፤ ግቢ።»

ከፊት ገባች። የኔታ አራቱንም መስታወት ዝቅ አደረጉ። ብርዱ እንደ ውሃ ገባ፤ ምሥራቅ፣ «አባባ፣ ምን ሆነዋል? ይዝጉት እንጂ!» አለች። አልዘጉም። መንገዱ በገበያተኛ፣ በበግ ነጂና በሚኒባስ ተሞልቷል። እዚያው፣ ሜዳው ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማቸው፣ ማዜም ጀመሩ።

በግ የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። የሚኒባስ ረዳት ጩኸቱን አቋረጠ። ምሥራቅ ከኋላ የሥርጉትን ትከሻ ጨምድዳ ያዘች፤ የአባቷን ድምፅ ከሰማች ሦስት ዓመቷ ነው። ያች የምታስፈራ ሐረግ ስትመጣ ሥርጉት ትንፋሽዋን ዋጠች። የኔታ አላዩአትም፣ መንገዱን ነው የሚያዩት፤ ሐረጓ ላይ ደረሱ፣ አለፏት፣ ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉ።

ወደ ደብሩ የሚወስደውን ዳገት የወጡት እንዲህ እያሉ፣ ግራ እግራቸው ጣውላዋን እየመታ ነው። ማርሹ መቼ እንደተቀየረ ሥርጉት እንኳ አልሰማችም።